ስሙን ያጣ ዘር፦ ኤክስ ጅግናና የፎገራ ሩዝ

በጥቅምት ከወረታ ወደ ጣና አቅጣጫ የወረደ ሰው ብዙ ሳይራመድ እግሩ ጭቃ ይነካል። ክረምቱ ወጥቷል፣ መስቀል አልፏል፤ ፎገራ ግን ውሃዋን ገና አልሸኘችም። ሜዳው እስከ ዓይን ጥግ ሩዝ ነው። ማሳውን ሊጎበኝ የመጣ ገበሬ ሜዳውን በጅምላ አያይም። ጎንበስ ብሎ አንድ አገዳ ይይዛል፤ የመጨረሻው ቅጠል አገዳውን የጠቀለለበትን ሰገባ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰንጥቆ ይከፍታል።

ጤነኛ ከሆነ ሰገባው ከውስጥ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፤ ዘለላው ጊዜውን ጠብቆ ወደ ላይ ተገፍቶ ወጥቷል። ታሞ ከሆነ ግን ገና ሳይከፍተው ይታወቀዋል። ሰገባው ላይ ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ አመድማ የሆነ ቁስል አለ። ሲሰነጥቀው ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ዘለላው ግማሹ ወጥቶ ግማሹ እዚያው ታንቆ ቀርቷል። የታነቀውን ፍሬ በሁለት ጣቱ ሲጨምቀው ወተት የለውም፤ እብቅ ነው። ተመራማሪዎች ይህን በሽታ የሰገባ መበስበስ ይሉታል፣ አምጪውም ፈንገስ ነው። በፎገራ ደግሞ ይህ በሽታ አጥብቆ የያዘው ሜዳውን ለሩዝ ያበቃውን ያንኑ ዘር ነው፤ ኤክስ ጅግናን።

ስለ ኤክስ ጅግና ማውራት ስለ ፎገራ የቅርብ ዘመን ታሪክ ማውራት ነው። ይህ ዘር ከሩቅ አገር መጣ፣ የመጣበት ስም ጠፋ፣ ያመጣው ሥርዓት ፈረሰ፤ ገበሬው ግን አልጣለውም። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳው የመጣ የሩዝ ዝርያ ሁሉ ከእሱ ጎን ተዘርቶ፣ ከእሱ ጋር ተመዝኖ ነው የተፈረደበት። አንድን ነባር ዘር በምርቱና በሽታን በመቋቋም አቅሙ መመዘን ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከፎገራ የተሻለ ቦታ በአገራችን ያለ አይመስልም።

ሜዳው መጀመሪያ የሩዝ አልነበረም። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱ ወንዞች ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ለጥ ያለ ሜዳ ሲደርሱ ጉልበታቸው ይላላና የተሸከሙትን ደለል ያራግፋሉ። ለብዙ ሺህ ዓመታት የተራገፈው ይህ ደለል ነው ዋልካውን የሠራው፤ በክረምት እግር የሚውጥ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃው ሜዳውን ሲሞላው የሚታረስ ነገር አይኖርም። ገበሬው ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ፣ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘራል። ትንሽ ከፍ ያለው መሬት ላይ ጤፍና ኑግ ይበቅላል። ቀሪው የሣር ነው፣ ሣሩም የከብቱ።

የፎገራ ከብት በዚህ ውሃና ሣር ላይ የተሠራ ዘር ነው። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቆዳው፣ አጫጭር ቀንዱና ገር ጠባዩ ከሩቅ ያስታውቁታል። ረግረግ ውስጥ ቆሞ መጋጥ አይከብደውም። ላሟ ከአገራችን ከብቶች መካከል በወተቷ ስሟ የሚነሣ ናት። የቀድሞው የፎገራ ሰው ሀብቱን ሲቆጥር ከማሳው ይልቅ ከብቱን ያስቀድም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጓያው ግን ሌላ ነገር ነው። ጓያ ደረቅ ጊዜ የማይበግረው፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ የማይከዳ ሰብል ነው። የድሃ ምግብ የሆነውም ለዚህ ነው፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ ደግሞ እግር ይሰብራል። ኦዳፕ የሚባል መርዝ በውስጡ አለ፤ ጤነኛ ወጣት ማታ ተኝቶ ጠዋት ጉልበቱ አልታዘዝ ሊለው ይችላል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው በአማካይ 6ቱ በዚህ ሕመም መጎዳታቸውን አሳይቷል። በአማርኛ «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይባላል፣ ነገን ሳያስብ የዛሬን ብቻ ለሚያይ ሰው። ጎንበስ ብሎ ጓያ ሲነቅል የዋለ የፎገራ ሰው ግን የኋላውን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ውሃው ከሄደ በኋላ ሜዳው ላይ የሚበቅል ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

እንዲህ ባለ ቦታ ውሃን የማይፈራ እህል ትርጉሙ ብዙ ነው። ስንዴ ወይም ጤፍ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲሰነብት ታፍኖ ይሞታል። ሩዝ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ የሚወርድ የአየር መተላለፊያ አለው፤ ከላይ የሳበውን አየር ወደታች እየላከ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይተነፍሳል። ለፎገራም ሩዝ ፍጹም ባዕድ አልነበረም። በረግረጉ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የሚበቅል፣ ተክል ሊቃውንት ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ የሚሉት የዱር ሩዝ አለ። ከሥሩ እየተስፋፋ ዓመት ከዓመት ራሱን የሚተካ፣ ፍሬው ሳይበስል የሚረግፍ ነውና ሰው አያጭደውም፤ ከብት ይግጠዋል። ነገር ግን የዱሩ ዘመድ በሚበቅልበት ሜዳ የቤቱ ሩዝ ይበቅል ይሆን ብሎ መጠየቅ ከእንግዳ ሐሳብ አይቆጠርም።

ጥያቄውን በተግባር የሞከሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ዘመኑ ደርግ ከፒዮንግያንግ ጋር የተወዳጀበት ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ ተሠርቶ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ተመርቋል። በዚያው ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ ሩዝ ይሞክሩ ነበር። ከእነዚህ ማኅበራት አንዱ በደራ በኩል ያለው የጅግና ማኅበር ነበር። ሐውልቱን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። ዘሩን ያመጡት እጆች ግን ስማቸው እንኳ በሜዳው አልቀረም፤ ከሁለቱ የወዳጅነት ቅርሶች እስካሁን ሰው የሚያበላው ዘሩ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከዘሩ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት ስሙም ጠፋ። ሰው የሚያውቀው ከጅግና መውጣቱን ነው። ስለዚህ «ኤክስ ጅግና» ተባለ፣ በሒሳብ ትምህርት ላልታወቀው ቁጥር የሚቀመጠው ያ ፊደል ከጅግና ስም ፊት ተቀጥሎ። ሌሎች ዝርያዎች የተዳቀሉበትን ጣቢያ፣ የእናት አባታቸውን ቁጥር በስማቸው ተሸክመው ይመጣሉ። ይህኛው የተሸከመው መጀመሪያ የበቀለበትን የሰው ቀዬ ብቻ ነው።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ የአምራቾች ማኅበራት በየቦታው በወራት ውስጥ ፈረሱ። በሬው ወደ ባለቤቱ፣ መሬቱ ወደ ገበሬው ተመለሰ። በማኅበሩ ዘመን ከላይ በመጣ ትእዛዝ የተሠራ ነገር አብሮ ቢጠፋ ማንም አይፈርድም ነበር፤ ብዙውም ጠፍቷል። ሩዙ ግን አልጠፋም። ጥቂት ገበሬዎች እፍኝ እፍኝ ዘር ይዘው በራሳቸው ማሳ ዘሩት። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጥቂት ሄክታር ላይ የታየው የግል ሩዝ በአሥር ዓመት ውስጥ ፎገራን፣ ደራንና ሊቦ ከምከምን ማዳረስ ጀመረ። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቁና የተላለፈ ዘር ነው ሜዳውን የሞላው።

ገበሬው ይህን ዘር የያዘበት ምክንያት ነበረው። አንደኛው ብርድ ነው። ፎገራ ቆላ አይደለም። በሰኔ የተዘራ ሩዝ የሚያረግዝበትና የሚያብብበት ጊዜ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ከሚጀምርበት ወቅት ጋር ይገናኛል። ሩዝ ባረገዘበት ሳምንት የሌሊቱ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሲወርድ የአበባው ዱቄት ይመክናል፤ ዘለላው ከውጪ ሲታይ ያማረ፣ ሲወቃ ግን እብቅ ይሆናል። የሞቃት አገር ሩዝ እዚህ ሜዳ ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ብርዳማ አገር ካላቸው ሰዎች እጅ የመጣው ኤክስ ጅግና ብርዱን ተቋቋመ።

ሁለተኛው የፍሬው ንጣት ነው። ሩዝ ፎገራ ውስጥ ሲገባ እንደ እስያ አገር በድስት ተቀቅሎ ብቻ የሚቀርብ ምግብ አልሆነም። ዱቄቱ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆነ፤ ጠላና አረቄም ተጠመቀበት። ጤፍ እየተወደደ በሄደ ቁጥር የሩዝ ዱቄት ለቤቱም ለገበያውም መደጎሚያ ሆነ። እንጀራ ሲጋገር ንጣት ዋጋ ነው። ቀላ ያለ ፍሬ ያለው ሩዝ ምርቱ ቢበዛም ወረታ ገበያ ላይ ነጋዴው ዋጋውን ሰብሮ ይገዛዋል።

ሦስተኛው ገለባው ነው፤ ይህንን ከፎገራ ውጪ ያለ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። የግጦሽ መሬቱ ወደ ሩዝ ማሳ ሲቀየር ከብቱ የሚበላው ያው የሩዝ ገለባ ሆነ። ስለዚህ አጭርና ፍሬው የበዛ ዝርያ ይዞ የመጣ ባለሙያ፣ ምርቱን በኩንታል ሲያስረዳ፣ ገበሬው በልቡ የገለባውን ክምር ይለካ ነበር። ኤክስ ጅግና ገለባ ነበረው።

ወፍጮውም አብሮ አደገ። ሩዝ ቅርፊቱ ካልተፈለፈለ የማይበላ እህል ነውና በመጀመሪያው ዘመን ሙቀጫ ላይ የሚውለው የሴቶች ጉልበት ነበር። መፈልፈያ ማሽን ወረታ ሲገባ ይህ ሸክም ከትከሻቸው ወረደ። ከተማዋ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይበት መገናኛ ላይ ስላለች ከሜዳው የገባው ሩዝ ከዚያ ተነሥቶ ወደየአቅጣጫው ይጫናል። ዛሬ ወረታ ሲባል ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሩዝን ነው።

የምርምሩ ዓለም ወደ ሜዳው ሙሉ ፊቱን ያዞረው ገበሬው ከወሰነ በኋላ ነው። በደርግ ጊዜ በፓዌ የተጀመረው የሩዝ ሙከራ ፓዌ አንድ የተባለውን ዝርያ አስገኘ። የአዴት ግብርና ምርምር ማእከል ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጉማራ፣ ኮኪትና ጥጋቤ የተባሉ ዝርያዎችን ለቀቀ። ጉማራ በውጭ ስሙ አይኤሲ 164 ነው፤ ከብራዚሉ የካምፒናስ የግብርና ተቋም የመጣ። ኮኪት ኢራት 209 ነው፤ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ያዳቀሉት። ጉማራ የወንዙን ስም ወሰደ፣ ኮኪት የቀበሌውን፣ ጥጋቤ ደግሞ የገበሬውን ምኞት። ከሩቅ አገር የመጣ ዘር የአገር ስም ሲሰጠው የሚደርስበትን ዕድል ከኤክስ ጅግና የተማሩ ይመስላል።

እነዚህ ዝርያዎች ሁሉ አንድ ፈተና ነበረባቸው። አዲስ ዝርያ ሲገመገም ብቻውን አይዘራም። በትንንሽ እኩል መደቦች፣ ዕጣ እየወጣለት፣ ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ይዘራል። አፈሩ በአንድ ጥግ ለም፣ በሌላው ጥግ ውሃ የሚተኛበት ቢሆን አንዱ ዝርያ በአፈሩ ዕድል እንዳይመሰገን ነው መደጋገሙና ዕጣው። ከመደቦቹ አንዱ ሁልጊዜ የገበሬው ዘር ነው፤ ማወዳደሪያ። በፎገራ ማወዳደሪያው ኤክስ ጅግና ሆነ። በሽታውም እንዲሁ ይለካል፤ በፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም ባወጣው መለኪያ ከ0 እስከ 9 ቁጥር እየተሰጠ። 0 ንጹሕ ነው፣ 9 ያለቀለት። ብላስት የሚባለው ቅጠልንም አንገትንም የሚያነቅዝ በሽታ ለብቻው፣ ቡናማ ጠቃጠቆ ለብቻው፣ የሰገባ መበስበስ ለብቻው ይመዘገባል።

ወረቀቱ ላይ ኤክስ ጅግናን በምርት የበለጡ፣ በሽታንም የተሻለ የተቋቋሙ ዝርያዎች ተገኙ። ሜዳው ላይ ግን ኤክስ ጅግና ቦታውን አልለቀቀም። እዚህ ላይ ገበሬውን አዲስ ነገር የማይቀበል ግትር አድርጎ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ሩዝ የሚባል እህል በአያቱ ዘመን ያልነበረ ሰው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዘርቶ፣ አጭዶ፣ ጋግሮ፣ ሸጦ የለመደ ሰው አዲስ ነገር አይቀበልም ሊባል አይችልም። የጎደለው ሚዛኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የተለቀቁ ዝርያዎች አብዛኞቹ ውሃ የማይተኛበት መሬት ወገን ነበሩ፤ ሜዳው ደግሞ ውሃ ነው። ሚዛኑ ላይ ኩንታሉና የበሽታው ቁጥር ተቀመጡ፤ ንጣቱ፣ ገለባውና የወፍጮው ስባሪ አልተቀመጡም።

ይህን ያስተካከለው ገበሬው ራሱ የሚመርጥበት የሙከራ ዘዴ ነው። ዘለላው ሲበስል ገበሬዎች ወደ ሙከራ ማሳው ይጠራሉ። ወንዶቹ ብዙውን ጊዜ በመደቦቹ መሐል እየሄዱ የአገዳውን ጥንካሬ፣ የዘለላውን ርዝመት፣ የተጋደመና ያልተጋደመውን ያያሉ። አንዱ ዘለላውን በቀስታ ይደባብሳል፤ በእጁ ላይ ብዙ ፍሬ ከረገፈ ራሱን ይነቀንቃል፣ አውድማ ሳይደርስ የሚረግፍ ሩዝ የወፍ ነውና። ሴቶቹ ጥቂት ፍሬ ይለቅሙና መዳፋቸው ላይ አሽተው እብቁን እፍ ይሉታል። የቀረውን ፍሬ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዩታል፤ ከዚያ በጥርሳቸው ይሰብሩታል። ቀይ መስመር ያለበት ፍሬ እዚያው ይወድቃል። የሚሰባበረውም እንዲሁ፤ መፈልፈያው ማሽን ውስጥ ገብቶ ሙሉ ፍሬ ሆኖ የማይወጣ ሩዝ ገበያ ላይ እንደሚጎዳቸው ያውቃሉና። እነዚህ እጆች በሜዳ ላይ የሚሠሩት ምዘና ከማንኛውም መዝገብ ያልተናነሰ ነው፤ ለብዙ ዓመት መዝገብ ውስጥ አለመግባቱ ግን ያስቆጫል።

በዚህ መሐል ከምዕራብ አፍሪካ ሌላ እንግዳ መጣ። ሴራሊዮናዊው ሳይንቲስት ሞንቲ ጆንስ የእስያን ሩዝ በኒጀር ወንዝ አካባቢ ከለመደው የአፍሪካ ሩዝ ጋር አዳቅለው ኔሪካ የተባለውን ዘር ወገን አስገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ኔሪካ አራት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። ፈጥኖ ይደርሳል፤ በሜዳው ዙሪያ ባለው ከፍ ያለ መሬት ላይ ያገለግላል። ሩዝ በአገር ደረጃም ክብር አገኘ። የሚሊኒየም ሰብል ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ብሔራዊ የሩዝ ልማት ስትራቴጂ ወጣለት። የወረታው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ተቋቋመ፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮም የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ ጃይካ፣ ከማእከሉ ጋር ይሠራ ጀመር። ከዚህ ጥድፊያ ጀርባ የከተሜው ገበታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 22 ሺህ ቶን ገደማ የነበረው ከውጭ የሚገባ ሩዝ በ2016 ከ300 ሺህ ቶን በላይ ሆኗል፤ በውጭ ምንዛሪ።

ወደ ሰገባው ቁስል እንመለስ። ኤክስ ጅግና ለምን ታመመ?

አንዱ ምክንያት ዕድሜ ነው። ዘሩ ከ30 ዓመት በላይ ከጎተራ ወደ ማሳ፣ ከማሳ ወደ ጎተራ ተመላልሷል። የታመመው ማሳ ዘር ከጤነኛው ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ የሰገባ መበስበስ አምጪው ፈንገስ ደግሞ በዘርም በገለባም ላይ የሚከርም ነው። ሌላ ዘርም ገብቶበታል። ሜዳው ላይ «ቀይ ሩዝ» እያሉ የሚያማርሩበት ፍሬ አንዱ ምልክቱ ነው። ኤክስ ጅግና ብለው ሁለት ገበሬዎች የዘሩት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የከበደው ምክንያት ግን ስፋቱ ነው። አንድ ዘር ሰፊ ሜዳ ሲሸፍን በሽታው አንዴ ያንን ዘር የሚረታበትን መንገድ ካገኘ ቀጥሎ የሚያቆመው አጥር የለም። ኢትዮጵያ ይህን በስንዴ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ ኩብሳ የተባለውን በሰፊው የተዘራ ስንዴ መታው። ገበሬው ዲገሉ ወደተባለው ቢጫ ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በባሌ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ ዲገሉን አወደመው። ሁለቱም ሲለቀቁ ጥሩ ዝርያዎች ነበሩ። ያጠፋቸው ከልክ በላይ መመረጣቸው ነው። ኤክስ ጅግናም በገበሬው ፍቅር ብቻ ሳይሆን በብቸኝነቱ ነው ለአደጋ የተጋለጠው። እንደ ስንዴው ባንድ ክረምት አልተጨረሰም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚበላው፤ ለዚህም ይመስላል ጩኸቱ ያልተሰማው። የአገሪቱ የሩዝ ምርት አማካይ በሄክታር 30 ኩንታል ገደማ ላይ ሲንከራተት ከርሟል።

ምላሹ ከራሱ ከሜዳው መጥቷል። በኋለኞቹ ዓመታት እድገት፣ ህብር፣ ፎገራ አንድ፣ ሻጋና ዋንዛዬ የተባሉ ዝርያዎች ተከታትለው ተለቅቀዋል። ሻጋ የቀበሌ ስም ነው፣ ዋንዛዬ በደራ ያለው የፍል ውሃ። የእነዚህ ምዘና ከቀድሞው የሚለየው ውሃ የሚተኛበትን መሬት፣ ብርዱንና የሰገባውን በሽታ አንድ ላይ ይዞ መነሣቱ ነው። ሻጋ በገበሬው ዘንድ ተቀባይነት ማግኘት የጀመረውም አንዱን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን ስላሟላ ነው። በግሌ ደስ የሚያሰኘኝ ግን ኤክስ ጅግናን እንዲጥል ገበሬው አለመገደዱ ነው። አንዱን ንጉሥ አውርዶ ሌላ አንድ ንጉሥ መሾም ወደ ዲገሉ ታሪክ ይመልሳል። ሦስትና አራት ዝርያ ጎን ለጎን የቆሙበት ሜዳ በሽታ ሲነሣ ከፊሉ የመትረፍ ዕድል አለው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ረግረጉ ውስጥ ያለው የዱር ሩዝ ጉዳይ ነው። በሌላ አገር ለሩዝ ምርምር ከተገኙ ታላላቅ ስጦታዎች አንዱ የመጣው ከዚሁ ከኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ ነው። ከማሊ የተገኘ የዚህ ዱር ሩዝ ናሙና ባክቴሪያ የሚያመጣውን የቅጠል መድረቅ የሚቋቋም ዘረመል ተሸክሞ ተገኘ። ኤክስኤ 21 የተባለው ይህ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1995 ተለይቶ ታወቀ፤ በእስያ ላሉ ብዙ ዝርያዎችም መከታ ሆኗል። ቻይናውያን ደግሞ ከዚሁ ዘመድ አዳቅለው አንዴ ተተክሎ ለዓመታት የሚታጨድ ሩዝ አውጥተዋል። የፎገራው የዱር ሩዝ ምን እንደተሸከመ የሚነግረን ምርምር የሚያስፈልገው ዛሬ ነው፤ ረግረጉ በየዓመቱ እየተደፈነ፣ እየታረሰ፣ ወደ ሩዝ ማሳ እየተቀየረ ነውና። የቤቱ ሩዝ የዱር ዘመዱን ከሜዳው እያስወጣው ነው።

ከብቱም አብሮ እየወጣ ነው። ግጦሹ ወደ ማሳ ሲቀየር የፎገራ ከብት ቁጥር ቀነሰ፤ ከደጋ ከሚመጡ ከብቶች ጋር መዳቀሉም ዘሩን አሳሳው። አንዳሳ በሚገኘው የእንስሳት ምርምር ማእከል ዘሩን ለይቶ የማቆየት ሥራ ለዓመታት ተሠርቷል። ሜዳው ላይ ግን የድሮው የከብት መንጋ የነበረበትን ቦታ የዛሬ ልጅ ሲያየው የሚያገኘው የሩዝ መደብ ነው። ሩዝ ብዙ ቤት አቁሟል፣ የቆርቆሮ ክዳን አልብሷል፣ ልጆች አስተምሯል፤ ያስከፈለውም ዋጋ አብሮ መነገር አለበት። ጓያም አልጠፋም፤ ሩዙ ሲታጨድ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ዛሬም ይዘራል።

ኅዳር ሲገባ የሙከራ ማሳው ይታጨዳል። መደቡ ለብቻው፣ ነዶው ለብቻው፣ ከረጢቱ ለብቻው፤ በየከረጢቱ አፍ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይታሰራል። ከመካከላቸው አንዱ የኤክስ ጅግና ነው። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ባለሙያው ቁጥሩን ይመዘግባል፤ አጠገቡ የቆመው ገበሬ ግን እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ እፍኝ ያወጣል፣ መዳፉ ላይ አሽቶ እፍ ይለዋል፣ ከዚያም ከሌላኛው ከረጢት ሌላ እፍኝ አውጥቶ ሁለቱን መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ወደ ፀሐይ ይዞራል።